ቪ-ስትሮም 650ን ከመግዛቴ በፊት ለቀኑ ወሰድኩት

እዚህ አሜሪካ መኪና ልትገዛ ስትሄድ ቁልፉን ራሳቸው ናቸው እጅህ ላይ የሚያስቀምጡልህ። "ዞር ዞር ብለህ ና" ይሉሃል። ሞተር ሳይክል ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ብዙ መደብሮች ላዩ ላይ ቁጭ እንድትል ይፈቅዱልሃል፣ መሪውን ትይዛለህ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታወዛውዘዋለህ፣ በቃ። ልሞክረው ካልክ መልሱ "መጀመሪያ ፈርም፣ ክፈል፣ ከዚያ እስኪበቃህ ንዳው" ነው። ምክንያታቸው ይገባኛል። ኢንሹራንሱ አለ፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ገና ከግቢው ሳይወጣ ሊጥለው ይችላል። ቢገባኝም አይዋጥልኝም። የሃምሳ ዶላር ጫማ እንኳ ለክተን፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብለን ነው የምንገዛው፤ ዘጠኝ ሺህ ዶላር አካባቢ የሚያስወጣ፣ ከዚያም አልፎ ነፍስህን የምታስይዝበትን ዕቃ እንዴት በዓይን ብቻ ትገዛለህ?

ከግለሰብ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወግ አለ። ሙሉውን ገንዘብ በካሽ ታስይዝና ትነዳለህ። ከጣልከው ሞተሩ ያንተ፣ ገንዘቡ የእሱ። ፍትሐዊ ነው፣ ግን ያን ሁሉ ብር የማታውቀው ሰው እጅ ላይ ትተህ ስንት ብሎክ ልትሄድ? ልብህ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ሰውዬው ኪስ ውስጥ ነው የሚቀረው። አምራቾቹ ራሳቸው ሞተሮቻቸውን በትራክ ጭነው እየዞሩ የሚያስሞክሩበት ቀንም አለ። እሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሰልፍ ነው የምትነዳው፣ ከፊት መሪ፣ ከኋላ ጠባቂ፣ መንገዱንም የመረጡት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ተከራየሁ። የራሳቸውን ሞተር በቀን ሂሳብ የሚያከራዩ ግለሰቦች አሉ፣ በአፕ ታገኛቸዋለህ፣ ኢንሹራንሱም አብሮ ይሸጥልሃል። ልገዛው ያሰብኩትን ሞዴል፣ የ2018ቱን ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ማናሳስ ከሚኖር ጡረታ የወጣ ሰውዬ ለአንድ ቀን ወሰድኩት።

ለምን እሱን እንደመረጥኩ ልንገርህ። ሞተር የለመድኩት ወሎ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ስሠራ ያማሃ ኤጂ 200 ተሰጥቶኝ ከደሴ ተነስቼ ወረዳ ለወረዳ እዞር ነበር። ኤጂን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፣ ካቴናው ጭቃ እንዳይነካው ሙሉ ለሙሉ ተሸፍኗል፣ መሬቱ ወዴት እንዳዘነበለ አይተህ እንድታቆመው በግራም በቀኝም ማቆሚያ አለው። ለእርሻ ሥራ ነው የተሠራው፤ ነጂው ወርዶ የግጦሹን በር ከፍቶ እስኪመለስ ፍሪሲዮኑን እንደተጨበጠ የምትቆልፍ ነገር እንኳ አለችው። ፍጥነት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ግን ገበያ ትሄድበታለህ፣ ስብሰባ ትሄድበታለህ፣ ጭቃ ትገባበታለህ፣ ሁለት ሰው ትጭንበታለህ። እኔ ሞተር ማለት ያ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። አንድ ሞተር፣ ለሁሉም ነገር።

(አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በግል ሞተር ላይ እገዳ ከጣለች ወዲህ፣ ፈቃድ ካላቸው ዕቃ አድራሾችና ከመሳሰሉት በስተቀር፣ እዚያ ያሉ ጓደኞቼ ሞተር ስላቸው ወይ ሌባ ወይ ዴሊቨሪ ነው የሚታያቸው። ቪ-ስትሮም ልገዛ ነው ስል አንዱ "ምን ልታደርስበት ነው?" አለኝ።)

እዚህ ደግሞ ሞተር በየዓይነቱ ተከፋፍሏል። ለሩጫ አንዱ፣ ለጭቃ አንዱ፣ እግርን ዘርግቶ ለመንሸራሸር አንዱ። ሁሉንም በመጠኑ የሚሠሩት መሃል ላይ ያሉት ናቸው፣ ከ500 እስከ 750 ሲሲ። ካዋሳኪ ቬርሲስ 650 ጎበዝ ነው፣ ግን የፊት ጎማው 17 ኢንች ነው፣ አስፋልት ላይ ቅልጥፍናው ያስደስታል፣ ኮረኮንች ላይ ግን እንደ ቪ-ስትሮሙ 19 ኢንች አይረጋጋም። ሆንዳ ኤንኤክስ 500 ቀላልና ልባም ነው፣ 196 ኪሎ፤ ሚስቴን ጭኜ ዳገት ልወጣበት ስል ግን 47 ፈረስ ጉልበቱ ያሳስበኛል። የሆንዳው ኤንሲ 750 ኤክስ የነዳጅ ታንኩ ከመቀመጫው ሥር ነው፣ ታንክ መሆን በነበረበት ቦታ ሄልሜት የሚያስገባ ሳጥን አለው። ለገበያ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ግን ጋዙን ስትከፍትለት ቶሎ ይበቃኛል ይልሃል። እኔ ትንሽ ደስታም እፈልጋለሁ።

ቪ-ስትሮም 650 የወጣው እንደ ፈረንጅ በ2004 ነው። ኢንጂኑ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ በ1999 ከወጣው ኤስቪ 650 የመጣ ነው። ሁለት ሲሊንደር በ90 ዲግሪ ቪ ሆነው የተቀመጡበት፣ 645 ሲሲ፣ 70 ፈረስ ጉልበት አካባቢ። በ2012 እና በ2017 ደህና አድርገው አድሰውታል፣ የኢንጂኑ መሠረት ግን ያው ነው። አንዳንዱ "ያረጀ" እያለ ያጣጥለዋል። ለእኔ እንዲህ ረጅም ጊዜ የተመረተ ኢንጂን ጉዱ ሁሉ የታወቀ ኢንጂን ነው። መለዋወጫው በየቦታው አለ። ቫልቩን የምታስፈትሸው በየ15 ሺህ ማይሉ ነው፣ ቤንዚኑም ርካሹ፣ ኦክቴን 87ቱ ይበቃዋል።

ሰውዬውን ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ነግሬው ነበር። ያገለገለ ሞተር ልታይ ስትሄድ ይህን አትርሳ፤ ደርሰህ ኢንጂኑን በእጅህ ስትነካው ትኩስ ከሆነ አንድ ነገር እየደበቁህ ሊሆን ይችላል፣ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር ሞተር ሞቆ ሲጠብቅህ ጨዋ ይመስላል። ይህኛው ቀዝቃዛ ነበር። የ2017ቱና ከዚያ ወዲህ ያሉት ማስነሻ ቁልፉን አንዴ ነካ አድርገህ መልቀቅ ብቻ ነው፣ እስኪነሳ ተጭነህ አትቆይም። ተነሳ። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጎረቤት የማይቀሰቅስ ነው። እኔ የምነሳበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን ደስ እንዳለኝ ይገባዋል።

መቀመጫው 835 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ቁመቴ መካከለኛ ነው፣ ሁለቱም እግሮቼ መሬት የሚነኩት በጣቶቹ በኩል እንጂ ተረከዙ አይደርስም። ቤንዚን ሲሞላ 213 ኪሎ ነው፣ ቤንዚኑ ደግሞ 20 ሊትር ነው፣ ከላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ክብደቱን የሚያሳውቅህ ስትገፋውና ስታቆመው ነው። መሄድ ከጀመርክ ያ ሁሉ ኪሎ የት እንደገባ እንጃ።

ያን ቀን ሥራ አልነበረኝም። ቢሆንም ሆን ብዬ በሥራ መግቢያ ሰዓት ወደ ሥራዬ ነዳሁት። ሚስቴ ስትሰማ "አንተ ጤነኛ አይደለህም" ብላኛለች። ግን አስበው፣ ሞተሩን ከገዛሁት አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ተራራ ላይ ሳይሆን አውራ ጎዳና 395 ላይ ነው፣ በመኪናዎች መሃል፣ ሁለት ሜትር ሄዶ ሲቆም፣ ሁለት ሜትር ሄዶ ሲቆም። ቨርጂኒያ በመኪናዎች መሃል ሰንጥቆ ማለፍ ክልክል ነው፣ እንደ ካሊፎርኒያ አይደለም። ስለዚህ መጨናነቁ ውስጥ ከሆንክ ሞተርህም እንደ ሰው ተራውን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ነው ሞተሩ ልቤን የወሰደው። ኢንጂኑ ዝቅተኛ ዙር ላይ ሆኖ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ስትለቅ ኮምፒውተሩ ራሱ ዙሩን ትንሽ ከፍ ያደርግልሃል፣ እንዳይጠፋብህ። ሱዙኪ ይህን ሲያስተዋውቅ ሳነብ ለጀማሪ የተሠራ ማባበያ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ቆመህ ስትሄድ፣ ቆመህ ስትሄድ፣ ግራ እጅህ ሲደክም ግን ዋጋው ይገባሃል። ፍሪሲዮኑ በገመድ ነው የሚሠራው፣ ቀላል ነው። ከመኪናዎቹ በላይ ከፍ ብለህ ነው የምትቀመጠው፣ ከፊትህ ያለውን መኪና ጣሪያ አልፈህ ቀጣዩ ፍሬን ሲይዝ ታያለህ። ስፖኪዮዎቹ ሰፊ ናቸው፣ የራስህን ክርን አይደለም የሚያሳዩህ። እነዚህን ነገሮች የትኛውም የፍጥነት ቁጥር አይነግርህም።

ከዚያ በክፍያ የሚኬድበት የአውራ ጎዳናው ኤክስፕረስ ሌን አለ። መኪና ይዘህ ስትገባ በጠዋቱ የሚጠይቁህን ገንዘብ የሚያውቅ ያውቃል፣ አንዳንዴ ምሳ ይገዛል። ሞተር ነጻ ነው። 395፣ 95፣ 495፣ 66፣ ሁሉም ላይ። ለሚስቴ ሞተር መግዛት ቁጠባ እንደሆነ ያስረዳሁት በዚህ ነው። አላመነችኝም፣ ግን ሂሳቡን ልትሽረውም አልቻለችም።

ከከተማው ወጥቼ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞርኩ። 66 ላይ በሰዓት 70 ማይል ስትነዳ በስድስተኛ ማርሽ ዙሩ 5 ሺህ አካባቢ ነው። መንቀጥቀጥ የለም፣ የ90 ዲግሪ ቪ ጥቅሙ ይህ ነው፣ አንዱ ፒስተን የሚያመጣውን ግፊት ሌላው ያስተካክለዋል። ሳይጨነቅ ይሄዳል፣ መኪና ለማለፍ አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ንፋሱ ግን! ቪ-ስትሮም ያላቸው ሰዎች ሁሉ የሚያማርሩት ስለዚህ ነገር ነው፣ እኔም ቀድሜ አንብቤዋለሁ፣ ግን ማንበብና ጭንቅላትህ ላይ ሲደርስ ይለያያል። የፊት መስታወቱ ንፋሱን ከደረትህ ላይ ያነሳና በቀጥታ ሄልሜትህ ላይ ያራግፈዋል። ጭንቅላቴ ሲንቀጠቀጥ የመንገዱን ምልክት ማንበብ እስኪያቅተኝ ድረስ። ጎንበስ ስል ጸጥ፣ ቀና ስል መከራ። መስታወቱ በሦስት ደረጃ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ግን በመፍቻ ነው፣ ጥግ ይዘህ ቆመህ ብሎን ካልፈታህ አይሆንም። እንደ ቬርሲሱ በእጅ የሚዞር ነገር ቢያደርጉለት ስንት ዶላር ይጨምርባቸው ነበር? ሰውዬው ከመስታወቱ ጫፍ ላይ የምትታሰር ትንሽ ተጨማሪ መስታወት በሳጥን ውስጥ አስቀምጦልኝ ነበር፣ ዋረንተን ላይ ቡና ስጠጣ አሰርኳት፣ ግማሹ ተሻለ። የሚገዛ ሰው ለዚህ መቶ ዶላር ምናምን ለብቻ ይያዝ።

ከዋረንተን 211ን ይዘህ ስትሄድ ተራራዎቹ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ስፐሪቪልን አልፈህ ወደ ቶርንተን ጋፕ የሚወጣው ዳገት ኩርባ በኩርባ ነው፣ አካባቢው ያሉ ሞተረኞች ቅዳሜና እሁድ የሚጎርፉበት። ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ 70 ፈረስ ጉልበት ያንሳል የሚሉኝን ሰዎች አሰብኳቸው። ለማን ነው የሚያንሰው? ከኩርባው ስትወጣ ጋዙን ትከፍታለህ፣ ከ4 ሺህ ዙር ጀምሮ በደንብ ይጎትታል፣ ደስ የሚል ወፍራም ድምፅ ከማርሚታው ይወጣል፣ ቀጣዩ ኩርባ ደረሰ። መቶ ፈረስ ቢጨመርልህ በጋዙ ፋንታ ፍሬኑን ነበር የምትሠራበት። ስለ ፍሬኑ ካነሳን፣ ያቆማል፣ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤሱም ጨዋ ነው፣ ግን ጠበቅ አድርገህ መያዝ አለብህ። በሁለት ጣት የሚቆም ሞተር የለመደ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። የፊት አሞርዛተሩም ፍሬን ስትይዝ ወደታች ሰግዶ ይወርዳል። የዋጋው ነገር የሚታይህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ መንገድ የሆነው ስካይላይን ድራይቭ ላይ ገባሁ። 105 ማይል ርዝመት አለው፣ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው፣ ሞተር 25 ዶላር ያስከፍላል፣ ቲኬቱ ለሰባት ቀን ይሠራል። በ35 ማይል ሞተር መሞከር ቀልድ ይመስላል። ግን ብዙ ሞተር በዚህ ፍጥነት ያስጠላል፣ ይቁነጠነጣል፣ ይሞቅብሃል፣ ሂድ ሂድ ይልሃል። ይኼ በሦስተኛ ማርሽ ዝም ብሎ ይንሸራሸራል። አጋዘን ዘሎ ቢወጣም ለመቆም ጊዜ አለህ፣ ደግሞም ይወጣሉ።

ወደ ሉሬይ ወርጄ፣ ከዚያ ማሳናተን ተራራ ላይ ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስት ውስጥ አንድ የጠጠር መንገድ አገኘሁ። የምፈልገው እሱን ነበር። ተነስቼ ቆሜ ነዳሁ፣ እንደ ድሮው። 19 ኢንቹ የፊት ጎማ ጉድጓዱን ዋጥ ያደርገዋል፣ መሪው ሰፊ ነው፣ የኋላው ሸርተት ቢልም አያስደነግጥም። ግን ራስህን አታታል፣ ይህ የጭቃ ሞተር አይደለም። የዘይት ፊልትሩ ኢንጂኑ ፊት ለፊት ተገልጦ ነው ያለው፣ የፊት ጎማው የሚወረውረው ድንጋይ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው፣ መከላከያ ብረት ሳታስገጥም እዚህ ዓይነት መንገድ ላይ መመላለስ አልመክርም። የኋላ ጎማው በባዶ እንዳይሽከረከር የሚይዘውን ትራክሽን ኮንትሮል ማጥፋት ይቻላል፣ ኤቢኤሱን ግን ማጥፊያ የለውም፣ ጠጠር ቁልቁለት ላይ የኋላውን ስትይዘው ኤቢኤሱ ይለቅብሃል፣ ከምታስበው በላይ ርቀት ሄዶ ነው የሚቆመው። የወሎን ክረምት በዚህ አልነዳውም። የወሎን በጋ ግን፣ እሺ።

ወደ ማታ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ካለ አንድ የእኛ ካፌ ፊት ለፊት አቁሜ ሻይ ልይዝ ስል አንድ አዛውንት ቆመው ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ያንተ ነው ልጄ?"

"ኪራይ ነው ጋሼ። ልገዛ አስቤ ነው።"

"ልጆች አሉህ?"

"አንድ አለች።"

"እንግዲያ መኪና ግዛ" አሉኝና ሄዱ። ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። "ቤንዚን እንዴት ነው፣ ይበላል?"

አይበላም። በጋሎን ከሃምሳ ማይል በላይ ነው የሄደልኝ፣ አውራ ጎዳናውም ዳገቱም ተደምሮ። ታንኩ ከሞላ 250 ማይል ሳትጨነቅ ትሄዳለህ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምን እንደመሰላቸው ግን አልነገሩኝም።

የመጨረሻው ፈተና ሚስቴ ነበረች። ከኋላ መቀመጫው ሥር በኩል በእጅ የምትዞር እጀታ አለች፣ ሁለት ስትሆኑ የኋላውን ሞላ ጠንከር ለማድረግ፣ መፍቻ አያስፈልግም። መስታወቱ ላይ የነፈጉንን እዚህ ላይ ሰጥተውናል። የኋላ መቀመጫው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ በሁለቱም በኩል መያዣ አለው፣ መርገጫውም ጉልበት አጥፎ አያንጠለጥልም። ሠፈራችንን ዞረን፣ ኮሎምቢያ ፓይክን ትንሽ ሄደን ተመለስን። ሁለት ሰው ይዞ ዳገት ላይ ከቆመበት ሲነሳ እንደተጨመረበት ይታወቃል፣ ግን አላማረረም። ስትወርድ ሄልሜቷን አውልቃ ጸጉሯን እያስተካከለች "አይቆረቁርም" አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወዲያው ደግሞ "ግን ጀርባዬን የምደገፍበት ነገር ከሌለ ሉሬይ ድረስ አልሄድም" አለች። የኋላ ሳጥን ከነመደገፊያው ይገጠማል፣ ሂሳቡ ላይ ጨመርኩት።

ሀገር ቤት ሞተር ይነዳ ለነበረ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ ልምድ እዚህ በወረቀት አይቆጠርልህም፣ ቨርጂኒያ ላይ የኤም ክፍል መንጃ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) ሄደህ ከምትፈተን ግዛቱ ያጸደቀውን የሞተር ሥልጠና ውሰድ፣ ከጨረስክ የዲኤምቪው ፈተና ይቀርልሃል። ደግሞም ትማራለህ። እኔ ወሎ ላይ ማንም ያላስተማረኝን፣ ኩርባ ውስጥ ከመግባትህ በፊት መውጫውን ማየት የሚባል ነገር እዚያ ነው የተማርኩት። ሄልሜትም እዚህ ግዴታ ነው፣ ሜሪላንድም ዲሲም እንደዚያው።

እንግዲህ እገዛዋለሁ። አዲሱን አይደለም። አዲሱ ዋጋው ላይ የማጓጓዣ፣ የመገጣጠሚያ፣ የሰነድ እያሉ የሚደራርቡት ነገር አለ፣ እኔ የነዳሁት ደግሞ ያገለገለ ሆኖ ምንም አልጎደለበትም። ከ2017 ወዲህ የወጣ፣ ከ20 ሺህ ማይል ያልዘለለ፣ በ5 እና በ6 ሺህ ዶላር መሃል ያሉ ሦስት አራት አይቻለሁ። ሽቦ ቸርኬ ያለውን ኤክስቲ የሚባለውን መጠበቅ አላስፈለገኝም፣ ተራው ይበቃኛል። የሚተርፈው ገንዘብ ለጃኬት፣ ለጓንት፣ ለመስታወቱና ለሚስቴ መደገፊያ ይሆናል። ቅዳሜ ፍሬድሪክስበርግ ያለውን ላየው ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ሻጩ በላከልኝ ፎቶ ላይ የኋላ ጎማው የተመረተበት ቁጥር 1418 ይላል፣ በ2018 አሥራ አራተኛው ሳምንት ማለት ነው፣ ጎማው አርጅቷል፣ ስለዚህ የጎማ ከዋጋው ላይ እንዲቀንስልኝ እጠይቀዋለሁ።